ቱቦ ሳይቆረጥ ውሃን መለካት፦ በቱቦ ላይ የሚታሰር የአልትራሳውንድ ፍሰት መለኪያ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይሠራበታል?

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ ከተማ የጥልቅ ጉድጓዱ ፓምፕ ኦፕሬተር «ውሃው እንደ ድሮው ነው የሚወጣው» ይላል። ኮረብታው ላይ ያለውን ማጠራቀሚያ ጋን የሚጠብቁት አዛውንት ደግሞ «ልጄ፣ ይህ ጋን እስከ አፉ ከሞላ ሁለት ወር አለፈው» ይሉኛል። ሁለቱም አልዋሹም። የጉድጓዱ ቆጣሪ ግን መቁጠር ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ቁጥር አልነበረም።

በእጅ የሚያዝ የአልትራሳውንድ ፍሰት መለኪያ ይዤ መጀመሪያ ጉድጓዱ ዘንድ፣ ቀጥሎ የጋኑ መግቢያ ላይ ለካሁ። ከጉድጓዱ በሰከንድ 16.8 ሊትር ይወጣል። ጋኑ ዘንድ ደግሞ መሣሪያው 13 ሊትር ይደርሳል አለኝ። ማታ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ የጋኑን መግቢያ ቱቦ የግድግዳ ውፍረት ሳልለካ በግምት እንዳስገባሁ አየሁ። በማግስቱ ተመልሼ ቱቦውን በትክክል ለክቼ ሳስተካክለው 13 የነበረው ወደ 11.2 ወረደ። በመንገድ የሚጠፋው ውሃ 3.8 ሳይሆን 5.6 ሊትር በሰከንድ ነበር። ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ስለሚሠራ በየቀኑ ከ16 ሺህ በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ውሃ መሬት እየጠጣው ነበር፤ ያውም እናቶች ለአንድ ጀሪካን ቦኖ ላይ ሌሊቱን ወረፋ በሚጠብቁበት ከተማ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በየወረዳው የውሃ አገልግሎት፣ በመስኖ ፓምፕ ጣቢያና በፋብሪካ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። መሣሪያው ሁልጊዜ ቁጥር ይሰጣል። ስለ ቱቦው የነገርነው ነገር ስህተት ቢሆንም እንኳ ያለ ምንም ማመንታት ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ከሥራው ትልቁ ድርሻ መሣሪያውን መጫን ሳይሆን ቱቦውን ማወቅ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረውም አብዛኛው ስለ ቱቦው ነው።

አሠራሩን በጥቂቱ

ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ሰዎች ያየ ሰው የዚህን መሣሪያ አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ቀዛፊው ከወራጁ ጋር ሲሄድ ቶሎ ይደርሳል፤ ያንኑ ርቀት ሽቅብ ሲመለስ ይዘገያል። የሁለቱን ጉዞ ጊዜ ልዩነት የያዘ ሰው ወንዙ ውስጥ ሳይገባ የወራጁን ፍጥነት ማስላት ይችላል።

መሣሪያው ሁለት ሴንሰሮች አሉት። አንዱ የድምፅ ምት ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከዚያ ተራቸውን ይለዋወጣሉ። የድምፁ ድግግሞሽ ጆሮ ከሚሰማው እጅግ የላቀ ነው፤ የቱቦውን ግድግዳ አልፎ በውሃው ውስጥ በሰያፍ ይጓዛል። ከፍሰቱ ጋር የሄደው ምት ፈጥኖ ይደርሳል፣ በፍሰቱ ላይ የሄደው ይዘገያል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በባለ 6 ኢንች ቱቦ ውስጥ ውሃው በሰከንድ አንድ ሜትር ሲፈስ ልዩነቱ የአንድ ሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በሴንሰሩና በቱቦው መካከል የቀረ ትንሽ የአየር ቀዳዳ፣ የዝገት ቅርፊት ወይም የተላጠ ቀለም ልኬቱን ያበላሻል።

መሣሪያው ያገኘው ፍጥነትን ነው። ፍጥነቱን በቱቦው የውስጥ ክብ ስፋት አባዝቶ የፍሰት መጠን ያወጣል። ያ ስፋት ደግሞ እኛ ካስገባነው የውጭ ዲያሜትርና የግድግዳ ውፍረት የተሰላ ነው።

የጉዞ ጊዜን የሚለካው ይህ ዓይነት ለንጹሕ ወይም ለመጠነኛ ድፍርስ ፈሳሽ ነው። ፍሳሽ ቆሻሻ፣ ጭቃ የበዛበት ውሃ ወይም አረፋ የሞላው ፈሳሽ ከሆነ ድምፁ ማዶ ሳይደርስ ይበተናል። ለዚያ የሚሆነው በዶፕለር ዘዴ የሚሠራው ነው፤ እሱ በተቃራኒው ድምፁን የሚመልስለት ቅንጣት ወይም አረፋ ይፈልጋል፤ በንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ላይ አይሠራም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዞቻችን ቀይ አፈር ተሸክመው ሲወርዱ ከወንዝ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ላይ የጉዞ ጊዜ መለኪያ ሲንገዳገድ ብታዩ መሣሪያው ተበላሸ ብላችሁ አትደምድሙ። ጥቅምት ላይ ያንኑ ቱቦ ያለ ችግር ይለካዋል። ሁለቱንም ዘዴዎች በአንድ የያዙ መሣሪያዎች አሉ፤ ዋጋቸው ከፍ ስለሚል ሥራችሁ በእርግጥ ሁለቱንም የሚጠይቅ ካልሆነ አያስፈልጓችሁም።

ሲመረጥ ምን ይታያል?

ወደ ሻጭ ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር ይዛችሁ በመስመራችሁ ላይ ዙሩ። የትኞቹን ቱቦዎች ነው የምትለኩት? ስንት ኢንች ናቸው? ብረት፣ ጂ.አይ. (ዚንክ የተለበጠ ብረት)፣ ወይስ ፕላስቲክ የሆኑት ፒ.ቪ.ሲ. ወይም ኤች.ዲ.ፒ.ኢ.? ፈሳሹ ምን ያህል ይሞቃል? ይህ ዝርዝር ሳይኖር የሚገዛ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። እኔ ያየሁት የተለመደው ስህተት የማይሆን ሴንሰር ይዞ መገኘት ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ሦስት መጠን ያላቸው ሴንሰሮች አሏቸው፤ ትንሹ ከ15 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ መካከለኛው ከ50 እስከ 700 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ላሉ ቱቦዎች ነው። ለአንድ ከተማ የውሃ አገልግሎት መካከለኛው አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል። ባለ 1 ወይም ባለ 1.5 ኢንች ቅጥያ መስመሮችን የምትለኩ ከሆነ ትንሹን ጨምሩ። ትልቁን የሚፈልገው እንደ ዋና የመስኖ ቱቦ ያለ ሰፊ መስመር ያለው ነው።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ተራው ሴንሰር እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ይችላል። የፋብሪካ ሙቅ ውሃ ወይም ዘይት ከዚያ በላይ ከሆነ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ሴንሰር ይጠይቁ። እንፋሎት ግን በፈሳሽ መለኪያ አይለካም፤ ሴንሰሩን ማቃጠል ብቻ ነው ትርፉ።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ። ባትሪው ስንት ሰዓት ይሠራል? መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሌሊት ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ከዐሥር ሰዓት ያላነሰ መቆየት አለበት፣ ወይም ከመኪና ባትሪ መሥራት መቻል አለበት። መረጃውን በማኅደረ ትውስታ ይይዛል? ይህ ለቅጽበታዊ ልኬት ባያስፈልግም የሌሊት ፍሰትን ለመከታተል ግዴታ ነው። የምልክቱን ጥንካሬና ጥራት በቁጥር ያሳያል? ይህን የማያሳይ መሣሪያ በነጻ ቢሰጥም አልቀበለውም፤ መልሱ እውነት መሆኑን የምንለይበት ሌላ መንገድ አይሰጠንምና። የካሊብሬሽን (ከታመነ መለኪያ ጋር የተመሳከረበት) ምስክር ወረቀቱስ የዚያው መሣሪያና የዚያው ሴንሰሮች ነው? በሳጥኑ ላይ «ትክክለኛነት 1 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ የተጻፈው ለቤተ ሙከራ ነው። በመስክ፣ በጥሩ ቦታና በጥንቃቄ ከተሠራ፣ ከ2 እስከ 5 በመቶ ብትጠብቁ ተገቢ ነው።

በጀቱ ከተረፈ፣ ባይተርፍም ከሌላው ተቀንሶ፣ የግድግዳ ውፍረት መለኪያ አብራችሁ ግዙ። እሱም በአልትራሳውንድ የሚሠራ፣ በኪስ የሚገባ መሣሪያ ነው። ውድ የፍሰት መለኪያ ገዝቶ ውፍረቱን በግምት ከማስገባት ርካሹን ፍሰት መለኪያ ከውፍረት መለኪያ ጋር መግዛት እጅግ ይሻላል።

ቦታ መምረጥ

ቱቦው በውሃ ሙሉ መሆን አለበት። ይህ የመጀመሪያውና የማይደራደሩበት ሁኔታ ነው። ጎጃም ውስጥ ብዙ ከተሞችና ቀበሌዎች ከጮቄና ከሌሎች ተራሮች ግርጌ ከሚፈልቁ ምንጮች ውሃ በስበት ኃይል ያወርዳሉ። ቁልቁል የሚወርድ የስበት መስመር ብዙ ጊዜ በግማሽ ብቻ ሞልቶ፣ በላዩ አየር ይዞ ይወርዳል። መሣሪያው ግን ቱቦው ሙሉ ነው ብሎ ስለሚያሰላ የሌለ ውሃ ይቆጥራል፤ ወይም ምልክቱ ይጠፋና ምንም አያሳይም። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ቱቦው ወደ ሸለቆ ወርዶ መልሶ ሽቅብ በሚወጣበት ክፍል ላይ ለኩ፤ እዚያ ውሃው ቱቦውን መሙላቱ የተረጋገጠ ነው። አፉ ክፍት ሆኖ ጋን ውስጥ ቁልቁል በሚፈስ ቱቦ ላይ በፍጹም አትለኩ።

ለፓምፕ መስመር ደግሞ ግፊቱ ባለበት ወገን፣ ከፓምፑ በኋላ ለኩ። በመሳቢያው ወገን ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃው ውስጥ የተሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። ይህ በደጋችን ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቆላ ላይ ደህና የሚሠራ የመሳቢያ አሠራር እዚህ አረፋ የሚያመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ጉዳይ ቀጥተኛ ርዝመት ነው። ውሃ ከኤልቦ (ከመታጠፊያ)፣ ከቲ (ከመገንጠያ) ወይም ከቫልቭ ሲወጣ እየተጠማዘዘና እየተሽከረከረ ነው፤ የሚረጋጋው ቀጥ ባለ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ሲጓዝ ነው። ከሴንሰሩ በፊት የዲያሜትሩ 10 እጥፍ፣ ከሴንሰሩ በኋላ 5 እጥፍ ቀጥ ያለ ቱቦ ይኑር። ለ150 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከፊት 1.5 ሜትር፣ ከኋላ 75 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከፓምፕ ወይም በግማሽ ከተከፈተ ጌት ቫልቭ በኋላ ከሆነ ግን 30 እጥፍ ፈልጉ። የጉድጓድ አፍ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች፣ ማለትም ኤልቦው፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ፣ ጌት ቫልቩና ቆጣሪው፣ በሁለት ሜትር ውስጥ ስለሚታጨቁ እዚያ ለመለካት ያለው ፈተና ትልቅ ነው። አጥሩን አልፋችሁ፣ ቱቦው ወደ መሬት ከመግባቱ በፊት ወይም አንድ ሜትር ቆፍራችሁ የተሻለ ቦታ ታገኛላችሁ። በዋልካ አፈር ላይ በክረምት መቆፈር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ግማሽ ቀን ቆፍሮ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ መመለስ ተገቢ ነው። ስትቆፍሩ ሰው ዙሪያውን ቁጭ ብሎ ብሩሽ የሚይዝበት ስፋት ይኑረው።

ቱቦው አግድም ከሆነ ሴንሰሮቹ በጎኑ ላይ ይሁኑ፤ በሰዓት መቁጠሪያ ቢታሰብ በ3 ወይም በ9 ቁጥር ላይ። በላይ በኩል አየር ይሰበሰባል፣ ከታች ደለል ይተኛል። ሽቅብ በሚወጣ ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ በየትኛውም ጎን ይሆናል።

ቱቦውን ማወቅ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ልኬት የሚበላሸው እዚህ ነው።

የውጭውን ዲያሜትር ከስሙ አትውሰዱ። «ባለ 6 ኢንች» የሚባለው የብረት ቱቦ የውጭ ዲያሜትሩ 168.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 4 ኢንች ደግሞ 114.3። ፕላስቲክ ቱቦ ግን በውጭ ዲያሜትሩ ይጠራል፤ «160» ከተባለ ውጪው በእርግጥ 160 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል። ትልቅ ካሊፐር (ዲያሜትር የሚለካ መቆንጠጫ) ከሌላችሁ ቀጭን ሜትር ወይም ገመድ በቱቦው ዙሪያ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፤ ዙሪያውን በ3.1416 አካፍሉ። 529 ሚሊ ሜትር ዙሪያ 168.4 ይሰጣችኋል። ገመዱ ሰያፍ እንዳይሆን፣ ቀለሙና ቆሻሻውም አስቀድሞ እንዲጸዳ።

የግድግዳው ውፍረት ከሁሉም ይከብዳል። ብረት ቱቦ በተመሳሳይ የውጭ ዲያሜትር በተለያየ ውፍረት ይመጣል። ውፍረቱን 4.5 ሚሊ ሜትር ብላችሁ ብታስገቡና እውነቱ 6.5 ቢሆን፣ የ168.3 ሚሊ ሜትር ቱቦ የውስጥ ስፋት ከገመታችሁት 5 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። በፕላስቲክ ላይ ልዩነቱ ያስደነግጣል። ውጪው 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤች.ዲ.ፒ.ኢ. ቱቦ ኤስ.ዲ.አር. ቁጥሩ (የውጭ ዲያሜትሩ ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል) 17 ከሆነ ግድግዳው 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤስ.ዲ.አር. 11 ከሆነ 14.6። በውስጥ ስፋት ሲታይ የመጀመሪያው ከሁለተኛው 16 በመቶ ይበልጣል። በመግቢያው ላይ የነገርኳችሁ የ13 እና የ11.2 ልዩነት የመጣው ከዚሁ ነው፤ ቱቦው ወፍራሙ ሆኖ ሳለ እኔ ቀጭኑን አስገብቼ ነበር። በፕላስቲክ ቱቦ ጎን ላይ ዲያሜትሩ፣ ኤስ.ዲ.አር. ቁጥሩና የግፊት ደረጃው ስለሚታተም አፈሩን አጥባችሁ አንብቡ፤ በስልክ ፎቶ አንሡት።

ያረጁ የጂ.አይ. ቱቦዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። በውስጣቸው የዝገት ጓልና የኖራ ቅርፊት ይከማቻል፤ የውሃው መንገድ ይጠባል። ውፍረት መለኪያው የብረቱን እንጂ የቅርፊቱን ውፍረት በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። አጠገቡ ጥገና ተደርጎ የተቆረጠ ቁራጭ ካለ ከመጋዘን አስወጥታችሁ ውስጡን በካሊፐር ለኩ። የድሮ ቧንቧ ሠራተኞችንም ጠይቁ፤ የትኛው መስመር መቼ እንደገባ፣ በየት በኩል ቱቦው እንደተቀየረ በካርታ ላይ ያልሰፈረውን እነሱ ያውቁታል።

የውስጥ ሽፋን ያለው ቱቦ፣ ለምሳሌ ሲሚንቶ የተለበጠ ዳክታይል ብረት፣ ሽፋኑ ከብረቱ ጋር እስከተጣበቀ ድረስ ይለካል፤ የሽፋኑን ዓይነትና ውፍረት ማስገባት አትርሱ። ሽፋኑ ከብረቱ ተላቆ በመካከሉ ክፍተት ካለ ድምፁ አያልፍም። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቱቦ ካጋጠማችሁ ግን በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ማጽዳትና ማሰር

መሣሪያውን አብርታችሁ የውጭ ዲያሜትር፣ ውፍረት፣ የቱቦው ቁስ፣ ሽፋን፣ የፈሳሹ ዓይነትና ሙቀት፣ የሴንሰሩ ዓይነትና የአገጣጠሙ ዘዴ በቅደም ተከተል አስገቡ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,482 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በዚህ አካባቢ በእያንዳንዱ ዲግሪ 3 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የውሃውን ሙቀት በቴርሞ ሜትር ለክታችሁ አስገቡ።

የአገጣጠም ዘዴው ሦስት ነው። በቪ (V) አገጣጠም ሁለቱም ሴንሰሮች በአንድ ጎን ይቀመጣሉ፤ ድምፁ ማዶውን ነክቶ ይመለሳል። ይህ ለአብዛኛው የ50 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ መጀመሪያ የሚሞከር ነው፤ ማሰሩም ይቀላል። በዜድ (Z) አገጣጠም ሴንሰሮቹ በተቃራኒ ጎን ይቆማሉ፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሻገር ለትልቅ፣ ለዛገ ወይም ምልክት ለሚያደክም ቱቦ ይመረጣል። በደብልዩ (W) ድምፁ ቱቦውን አራት ጊዜ ይሻገራል፤ ለቀጫጭን ቱቦዎች ነው። መሣሪያው በሴንሰሮቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይነግራችኋል። ርቀቱ ከየትኛው ጠርዝ ወይም ምልክት እንደሚለካ የሚለያይ ስለሆነ የመሣሪያውን መመሪያ አንድ ጊዜ አይታችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉ።

ሴንሰር የሚያርፍበትን ቦታ ከሴንሰሩ ሁለት እጥፍ ያህል አስፍታችሁ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። የተላጠ ቀለም ይነሣ፤ በደንብ የተጣበቀ ቀጭን ቀለም ችግር የለውም። የብረቱ አንጸባራቂ ገጽ እስኪታይ ድረስ መሄድ ይበጃል፤ በሞረድ ግን ግድግዳውን አታሳሱ። የብየዳ መስመር ላይ አታሳርፉ። በጨርቅ አድርቁ።

ቀጥሎ ቅባቱ ነው። ነፍሰ ጡር እናት በአልትራሳውንድ ስትመረመር ሆዷ ላይ የሚቀባውን ጄል አስቡ። አየር በመካከል እንዳይኖር የሚያደርገው እሱ ነው፤ እዚህም ሥራው ያው ነው። ለአጭር ልኬት ያ ጄል ራሱ ይሠራል፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደርቃል። ሌሊት ሙሉ ለሚመዘገብ የሲሊኮን ግሪስ ተጠቀሙ። የሴንሰሩን ፊት ሙሉ በሚሸፍን መጠን ቀቡና ስትጭኑት በጠርዞቹ ትንሽ ይውጣ።

ሴንሰሮቹን ከቱቦው ርዝመት ጋር ትይዩ አድርጉ፤ «ላይ» (UP) የተባለው ሴንሰር ውሃው በሚመጣበት ወገን ይሁን። ቦታቸውን ቢቀያየሩ መሣሪያው አሉታዊ ፍሰት ያሳያል። በብረት ቱቦ ላይ ማግኔት ያላቸው ሴንሰሮች ይይዛሉ፤ በፕላስቲክ ላይ በማሰሪያ ወይም በሰንሰለት እሰሯቸው፣ ፕላስቲኩን እስኪጨፈልቅ ግን አታጥብቁ። ገመዶቹን ከፓምፑ የኃይል ገመድና ከፍጥነት መቆጣጠሪያ ሳጥን አርቃችሁ ዘርጉ።

ምልክቱን ማንበብ

የፍሰቱን ቁጥር ለማየት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ምልክቱን ተመልከቱ። በተለመዱት በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ላይ ጥንካሬውና ጥራቱ እስከ 99 ይቆጠራሉ፤ ሁለቱም ከ60 በላይ መሆን አለባቸው። ከእነርሱ ሌላ መሣሪያው ባሰላው የጉዞ ጊዜና በተለካው መካከል ያለውን ምጣኔ ያሳያል፤ እሱ ከ97 እስከ 103 በመቶ መካከል ይሁን። እነዚህን ሦስቱን ሳላሟላ ያነበብኩትን ፍሰት በሪፖርት አልጽፍም።

ምልክቱ ደካማ ከሆነ ሴንሰሮቹን በሚሊ ሜትር እያቀራረባችሁና እያራራቃችሁ ሞክሩ። ጥሩ ምልክት የተገኘው ከተነገረው ርቀት ሩቅ በሆነ ቦታ ከሆነ ግን ደስ አይበላችሁ፤ ያስገባችሁት የቱቦ መረጃ ስህተት መሆኑን ነው የሚነግራችሁ። መሣሪያው የለካውን የድምፅ ፍጥነት የሚያሳይ ገጽ ካለው እሱ ከሁሉ የታመነ ምስክር ነው። በ20 ዲግሪ ውሃ 1,482 አካባቢ ሊል ሲገባ 1,380 ወይም 1,600 ካለ ዲያሜትሩ፣ ውፍረቱ ወይም ርቀቱ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። ተመልሳችሁ ቱቦውን ለኩ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ምልክቱ ካልመጣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቅባት ጨምሩ፤ ቦታውን እንደገና አጽዱ፤ በቱቦው ዙሪያ ጥቂት አዙሩ፤ ከቪ ወደ ዜድ ቀይሩ፤ በመጨረሻም ቱቦው በእርግጥ ሙሉ መሆኑን ጠይቁ። በመስመሩ ላይ የአየር መልቀቂያ ቫልቭ ካለ ከፍታችሁ ስሙት፤ አየር ሲያፏጭ መልሱን አገኛችሁ።

ዜሮና ዝቅተኛ ፍሰት

ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃ ማቆም ከተቻለ ጌት ቫልቩን ዘግታችሁ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲረጋ መሣሪያው ምን እንደሚያሳይ እዩ። በሰከንድ 0.01 ሜትር ቢያሳይ፣ ፍሰቱ በሰከንድ 1 ሜትር ሲሆን 1 በመቶ ስህተት ብቻ ነው፤ ፍሰቱ 0.1 ሜትር ሲሆን ግን 10 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ በዝቅተኛ ፍሰት ላይ ዜሮውን ሳታስተካክሉ አትሥሩ። ቫልቩ በትክክል መዘጋቱን ሳታረጋግጡ ዜሮ ብታደርጉ ደግሞ በቀዳዳው የሚያልፈውን ውሃ ለዘላለም ከሒሳብ አወጣችሁ ማለት ነው። ተዘግቶም ውሃ ከሚያስተላልፍ ቫልቭ ጋር ስሠራ ዜሮ ማድረጉን እተወዋለሁ።

አብዛኛው መሣሪያ በሰከንድ ከ0.03 ሜትር በታች ያለውን ፍጥነት ዜሮ አድርጎ እንዲያይ ተደርጎ ይመጣል። የሌሊት ፍሰት ስትለኩ ይህን ገደብ ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ የምትፈልጉትን፣ ከመስመሩ አፍስሶ የሚጠፋውን ውሃ ራሱ መሣሪያው ይደብቅባችኋል።

ማመሳከር

አንድ ልኬት ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ቢያንስ ዐሥር ደቂቃ መዝግቡ፤ ከዚያ ሴንሰሮቹን በቱቦው ዙሪያ ጥቂት አዙራችሁ፣ አግድም ቱቦ ከሆነ አናቱና ግርጌው ላይ ሳታደርሱ፣ እንደገና ለኩ። የሁለቱ ልዩነት ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ውሃው በዚያ ቦታ አልተረጋጋም፤ ቦታ ቀይሩ።

ዋጋ የማይተመንለት ማመሳከሪያ ግን ጋኑ ነው። መውጫውን ዝጉ፣ መግቢያውን ብቻ ክፈቱ፣ ውሃው በ20 ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ ለኩ። ውስጡ 8 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ጋን 50.3 ሜትር ካሬ ወለል አለው። በ20 ደቂቃ 40 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ 20.1 ሜትር ኩብ ገብቷል፤ ይህም በሰከንድ 16.8 ሊትር፣ በሰዓት 60.3 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ጋኑን ስትለኩ ውስጡን እንጂ የውጭውን ግንብ አትለኩ። በዚያው መስመር ላይ የለካችሁት ከዚህ ጋር ከተስማማ በሌላው መስመር ላይም ልታምኑት ትችላላችሁ።

ሪፖርት ስትጽፉ አሃዱን አጣሩ። በሰከንድ አንድ ሊትር በሰዓት 3.6 ሜትር ኩብ ነው፤ መሣሪያው በጋሎን ተስተካክሎ ቢመጣ ሳታስተውሉ ሪፖርታችሁ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። የፍጥነቱንም ቁጥር እዩት። በማስተላለፊያ መስመር ላይ የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ነው፤ 6 ሜትር ካነበባችሁ ከመደነቅ በፊት ዲያሜትሩን እዩ።

የሌሊቱን ልኬት

ውሃ የሚያፈስ ቦታ ለመፈለግ ከሆነ የመጣችሁት ከጋኑ መውጫ ላይ ሴንሰሮቹን አስራችሁ ሌሊቱን መዝግቡ። ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ከተማው ተኝቷል፤ ቦኖው ተዘግቷል። በዚያ ሰዓት የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው በተሰበረ ቱቦና በሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ የሚሄደው ነው። ሆስፒታልና ሆቴል የሚጠቀሙትን ቀንሱለት። ከዚያ በየሰፈሩ ያሉትን ቫልቮች ተራ በተራ እየዘጋችሁ ፍሰቱ በአንዴ የሚወርድበትን ሰፈር ያዙ። ይህን ሥራ ከመስመር ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ ሥሩት፤ የትኛው ቫልቭ በትክክል እንደሚዘጋ የሚያውቀው እሱ ነው። ጨለማ ውስጥ የቫልቭ ጉድጓድ ውስጥ እየገባችሁ ስለሆነ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ባትሪ መብራትና የእጅ ጓንት ይዛችሁ ሂዱ።

ሲያልቅ ቅባቱን በደረቅ ጨርቅ ከሴንሰሮቹ ጥረጉ፤ በቤንዚን አታጥቡ። በባዶ የቀረው የብረት ገጽ ዝገት እንዳይጀምረው ቀለም ቀቡት። የሴንሰሮቹን ቦታ በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉበት፤ በደብተራችሁም ዲያሜትሩን፣ ውፍረቱን፣ ርቀቱን፣ የምልክቱን ጥንካሬና የተለካበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ያን ጊዜ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ባልደረባችሁ በዚያው ነጥብ ላይ፣ በዚያው ቁጥር ይጀምራል።